ለቤት የሚሆን ቀላልና ትንሽ የባትሪ ድሪል ስለ መምረጥ

ባለፈው ክረምት እናቴ የዕቁብ ዕጣ ወጣላት። ከገንዘቡም ጥቂቱን ለይታ፤ «ይህ የቤቱ መሣሪያ መግዣ ነው፤ አንተ ፊዚክስ ትማራለህና ድሪሉን ምረጥ፤ ግን እኔ ላነሣው የማልችለውን እንዳታመጣ» አለችኝ። እንዲህ ያለችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቤታችን ያለነው እናቴ፥ ታናሽ እኅቴና እኔ ነን፤ እኔም የዘንድሮውን ፈተና ባልፍ ወደ ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ልመደብ እችላለሁ። ያን ጊዜ መሣሪያው የሚቀረው ለእርስዋ ነው። እርስዋ ደግሞ ቀኝ ትከሻዋን ስለሚያማት እጅዋን ወደ ላይ አንሥታ ብዙ መቆየት አትችልም። ስለዚህ ነገሩ ከተራ ግዢ የከበደ ሆኖ አገኘሁት። ከንባብ፥ ከባለሙያዎችና ከመደብር የተማርሁትን፥ የተሳሳትሁትንም ጭምር፥ ለጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስሕተቴን ልናገር። ገና ድሪል ሳንገዛ፥ የእኅቴን የመጽሐፍ መደርደሪያ ለመስቀል ከአንድ ጎረቤታችን ትልቅ ባለ ገመድ ድሪል ተዋስሁ። መሣሪያው ከባድ ነው፤ እየዞረም እንደ መዶሻ ይመታል። እኔም ግድግዳ ሁሉ አንድ መስሎኝ መዶሻውን ሳልዘጋ ብሎኬቱ ላይ ጫንሁት። ፑንታው ወዲያው ገባ፤ ደስም አለኝ። ነገር ግን ፑንታውን ስስበው ልስኑ አብሮ ረገፈ፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሊሆን የነበረው ቀዳዳም አውራ ጣቴን የሚያስገባ ሆነ። ፊሸሩን ባስገባው በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ወድቆ ድምፁ ብቻ ተሰማ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ በማግሥቱ ከቀዳዳው ከፍ አድርጋ ምስማር መታችና የዘመን መቁጠሪያ ሰቀለችበት። የዝምታዋ ነገር ከቁጣ ይልቅ ስለ ከበደኝ ነው ይህን ትምህርት በትጋት የፈለግሁት።

በሙያተኞች ዘንድ ከጣሊያንኛ በመጣ ቃል ትራፓኖ የሚባለው ይህ መሣሪያ ታሪኩ ረጅም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1889 ዓ.ም. አርተር ጄምስ አርኖትና ዊልያም ብላንች ብሬይን የተባሉ ሰዎች በአውስትራልያ፥ በሜልበርን ከተማ፥ የኤሌክትሪክ ድሪል የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በ1895 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት የፋይን ድርጅት በእጅ ተይዞ የሚሠራውን አወጣ። ዛሬ እንደ ሽጉጥ የምንይዘውንና በጣት የምንስበውን ቅርጽ ያስመዘገበው ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ዘመኑ 1917 ነው። ይኸው ድርጅት በ1961 ዓ.ም. ገመድ የሌለውን፥ በባትሪ የሚሠራውን ድሪል አቀረበ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1971 ዓ.ም.፥ የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች በባትሪ የሚሠራ ድሪል ይዘው ጨረቃ ላይ ወረዱ፤ ዴቪድ ስኮት ብዙ ታግሎ እንኳ ጉድጓዱ የታሰበውን ጥልቀት ሳይደርስ ቀረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የብሎኬቱ ነገር ትንሽ ቀለለኝ።

የዚያን ዘመን ባትሪ ኒኬልና ካድሚየም ያለበት ነበር፤ ከባድ ነው፥ ኃይሉ ጥቂት ነው። የዛሬውን ድሪል በአንድ እጅ የምናነሣው በሊቲየም ባትሪ ምክንያት ነው። ይህም ባትሪ ለገበያ የቀረበው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፥ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጉልበቱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከእናቴ ትእዛዝ የተነሣ ከክብደቱ ጀመርሁ፤ አሁን ሳስበው ለቤት የሚገዛ ሁሉ ከዚያ ቢጀምር መልካም ይመስለኛል። ክብደት ሲባል በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ አንዳንዱ ያለ ባትሪ የተመዘነ ነውና። ባትሪው ገብቶበት መመዘን አለበት። ትናንሾቹ ባለ 12 ቮልት የሚባሉት ከነባትሪያቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋሉ፤ ባለ 18 ቮልቶቹ ከ1 ኪሎ ተኩል አካባቢ ጀምረው ይወጣሉ።

ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው፤ ይህ ምን ይጎዳል? የሚል ይኖራል። በክፍል የተማርነውን የሞመንት ትምህርት እናስታውስ። እናቴ በወንበር ላይ ቆማ እጅዋን ዘርግታ ስትሠራ መሣሪያው ከትከሻዋ 60 ሳንቲ ሜትር ያኽል ይርቃል እንበል። የምድር ስበት በኪሎ 10 ኒውተን ብለን ብናስብ፥ ባለ 1 ኪሎው በትከሻዋ ላይ 1 × 10 × 0.6፥ ማለት 6 ኒውተን ሜትር ይጥላል። 1.6 ኪሎ የሚመዝነው ግን 9.6 ኒውተን ሜትር ይጥላል። ልዩነቱ ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነው። ይህንም ትከሻ የሚሸከመው ለአንድ ቅጽበት አይደለም፤ ቀዳዳው እስኪያልቅ፥ ብሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ ነው። ቁጥሩን ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ «ይህንስ ትከሻዬ ያውቀዋል፤ አንተ ለምን ደከምህ?» አለችኝ።

ቀጥሎ የቮልት ነገር ይመጣል። እዚህ ላይ ገዢው በቁጥር ብዛት ይደናገራል፤ እኔም ተደናግሬ ነበር። በባትሪው ቤት ውስጥ ትናንሽ ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል። አንዲት የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ትሰጣለች፤ ሞልታ ከቻርጀር ስትነቀል ደግሞ 4.2 ትደርሳለች። ሦስት ሴል ያለው ባትሪ እንግዲህ 10.8 ቮልት ነው፤ ሲሞላ ከ12 ስለሚያልፍ ነጋዴው 12 ይለዋል። አምስት ሴል ያለው 18 ቮልት ነው፤ እርሱም ሲሞላ ከ20 ስለሚያልፍ አንዳንዶች 20 ብለው ይጽፉበታል። አንድ ድርጅት የራሱን መሣሪያ በአሜሪካ 20፥ በአውሮፓ 18 ብሎ ሲሸጥ ይታያል። ስለዚህ «20 ከ18 ይበልጣል» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የከፈለው ለቁጥሩ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በገበያ ስዞር በአንድ መደብር ባትሪው ላይ «48» የሚል ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፥ ዋጋው ግን ከሁሉ ያነሰ ድሪል አገኘሁ። ሻጩ 48 ቮልት መሆኑን ነገረኝ። እኔም በልቤ አሰላሁ፤ 48 ለ3.6 ሲካፈል ቢያንስ 13 ሴል ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ ባትሪ ውስጥ ዘወትር የሚገባው ሴል ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፥ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር፥ ክብደቱ 45 ግራም ገደማ ነው። 13ቱ ቢደመሩ 585 ግራም ይሆናሉ፤ ፕላስቲኩ ገና ሳይቈጠር ማለት ነው። ባትሪውን ይዘን ከጎን ወዳለው የቅመማ ቅመም ሱቅ ሄድን፤ ሚዛኑ 290 ግራም አለ። ከውስጡ አምስት ሴል ቢኖር ነው። ሻጩ አልተቈጣም፤ «ወንድሜ፥ እኔም የተጻፈውን ነው የማነበው» አለኝ፤ እውነቱን ይመስለኛል። ጓደኞቼ ሆይ፥ ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ የ3.6ን ማካፈልና የ45ን ማባዛት ይዛችሁ ሂዱ። ሚዛን በየመንደሩ አለ።

የባትሪው ብርታት በቮልት ብቻ አይታወቅም። አምፔር ሰዓት የሚባለውን ከቮልቱ ጋር ስናባዛው ዋት ሰዓት ይሰጠናል፤ የተጠራቀመው ጉልበት ይህ ነው። 10.8 ቮልት በ2 አምፔር ሰዓት 21.6 ዋት ሰዓት ነው፤ 18 ቮልት በ2 ደግሞ 36። ለአናጢ ትንሹ አይበቃውም። አንድ አልጋ ለመግጠም፥ የቁም ሣጥን በር ለማጥበቅ፥ መደርደሪያ ለመስቀል ግን ይበቃል። የማዞር ኃይሉም እንዲሁ ነው፤ ትንሹ ወደ 30 ኒውተን ሜትር፥ ባለ 18ቱ ከ50 እስከ 60 ገደማ ያወጣል። የበር ማጠፊያ ብሎን በእንጨት ላይ ለማሠር ከ10 በታች የሚበቃ ስለ ሆነ ቀሪው ለቤት ሰው ትርፍ ነው።

እንግዲህ ስለ ግድግዳ። ከሁሉ በላይ የደከምሁበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ድሪል የሚመረጠው በቤቱ ግድግዳ መሠረት መሆን አለበት። እኛ የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ነው። ክፍሎቻችንን የሚለየው ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ቋሚውና ጣሪያው ግን አርማታ ነው። በብሎኬት ላይ የሚመታ መዶሻ አያስፈልግም። የብሎኬቱ ገጽ ቀጭን ስለ ሆነ ምቱ ከበስተኋላ ያለውን ይሰብረዋል፤ የእኔ ጥፋት ይህ ነበር። ባትሪ ያለው ትንሽ ድሪል ጫፉ ጠንካራ በሆነ የግድግዳ ፑንታ፥ ያለ መዶሻ፥ ቀስ ብሎ በመዞር ብቻ ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል።

ችግሩ ያለው በመስኮት ላይ ነው። መጋረጃ የሚሰቀለው ከመስኮት በላይ ነው፤ ከመስኮት በላይ ደግሞ ግድግዳውን የሚሸከም አርማታ አለ። ብዙ ሰው አዲስ ድሪል ገዝቶ የመጀመሪያውን ሥራ ከመጋረጃ ይጀምርና «ይህ ዕቃ አይረባም» ብሎ የሚጥለው ስለዚህ ነው። ትንሹ ድሪል አርማታውን ገጹን ብቻ ፍቆ ይቆማል፤ ፑንታውም ይግላል። እውነት ነው፥ መዶሻ ያላቸው ትናንሽ የባትሪ ድሪሎች አሉ። የእነርሱ መዶሻ ግን ሁለት ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች እየተፋተጉ የሚያንቀጠቅጡት ነውና ሠሪው በትከሻው አጥብቆ ካልገፋ አይመታም። በትልልቆቹ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ እዚያ በአየር ግፊት የሚሮጥ ብረት ራሱ ይመታል፥ ሰውዬው ይይዛል እንጂ አይገፋም። ትከሻ የሚያመውን ሰው ግፋ ማለት የማይሆን ስለ ሆነ መዶሻውን ከዝርዝሬ ሰረዝሁት። በቤታችን ሦስት መስኮት አለ፤ ለአንዱ መጋረጃ ሁለት መያዣ፥ ለአንዱ መያዣ ሁለት ቀዳዳ ቢባል 12 ቀዳዳ ነው። ለዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ለሚከፈት 12 ቀዳዳ ሲባል ከባድ መሣሪያ ዓመት ሙሉ ማንሣት ልክ አይደለም። ይህ ለጎረቤት ድሪል የሚተው ሥራ ነው።

በጭቃ ቤት የሚኖር ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። እርሱ የሚፈልገው እንጨቱን ነው፤ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ማገሩን ወይም ቋሚውን አግኝቶ ብሎኑን በዚያ ቢያሥር ትንሹ ድሪል ከበቂ በላይ ነው።

በመደብር ቆመን ልንፈትናቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በአፍንጫው ዙሪያ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት መኖሩን እንይ፤ ብሎኑ በተፈለገው ልክ ሲጠብቅ ውስጡ ራሱን አላቅቆ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የብሎኑ ራስ እንዳይበላና ቺፑዱ እንዳይቀደድ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከትንሽ ቁጥር መጀመር ይሻላል። ከላይ ባለው መቀየሪያ ሁለት ፍጥነት ይኖረዋል፤ በቀርፋፋው በደቂቃ እስከ 400 ዙር ገደማ ብሎን ይታሠራል፤ በፈጣኑ እስከ 1,500 ገደማ ይቀደዳል። የብስክሌት ማርሽ የለወጠ ሰው ፍጥነት ሲቀንስ ጉልበት የሚጨምርበትን ምክንያት ያውቀዋል። የፑንታ መያዣው አፍ በትናንሾቹ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ረጅምና ቀጥ ያለ ፑንታ ከትቶ ማዞርና ጫፉን ማየት ደግ ነው፤ ጫፉ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነ ዕቃውን መመለስ ነው። ስለ መብራቱ፥ ስለ ቀለሙና ስለ ሣጥኑ ብዙ አልልም።

ሞተሩ በሁለት ዓይነት ይመጣል። በአንደኛው ካርቦን ኤሌክትሪኩን እየተፋተገ ያስተላልፋል፤ ካርቦኑም በጊዜ ብዛት ያልቃል። በሁለተኛው፥ ብራሽለስ በሚባለው፥ ካርቦን የለም፤ መፋተጉ ስለ ቀረ ከአንድ ባትሪ ብዙ ሥራ ይገኛል፥ ሞተሩም ያጥራል፤ ግን ይወደዳል። በወር አንድ ጊዜ ለሚነካ መሣሪያ ካርቦን ያለው ብዙ ዓመት ይኖራል። እኔ በዚህ ላይ የሚተርፈውን ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ጥቅሙ ይታያል።

ስለ ቻርጀር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች ድሪል በስጦታ ይመጣላቸዋል። በእኛ ሕንፃ አንዲት እናት ከአሜሪካ የመጣላቸውን ቻርጀር አስማሚ ሶኬት ገዝተው ሰኩት፤ ጥቂት ሳይቆይ ጭስ ሆነ። ነገሩ ከሶኬቱ ቅርጽ አይደለም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሁሉም እንዲሁ ይመስለናል፤ ብዙ የድሪል ቻርጀር ግን በ120 ብቻ የሚሠራ ነው። በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ፥ 120 ብቻ ከሆነ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መፈለግ፥ ወይም ድሪሉን ብቻ አስመጥቶ ቻርጀሩን በ220 ከሚሠራው መግዛት ይቻላል። በአውሮፕላን የሚመጣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪም ከሰው ጋር በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም።

ስለ አያያዙ፥ «አዲስ ባትሪ ስምንት ሰዓት ይሞላ፥ ጨርሶ ካላለቀ አይሰካ» የሚለው ምክር ለድሮው የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ የተነገረ ነው። ሊቲየም በመካከል ቢሰካ አይጎዳም። የሚጎዳው ሙቀት፥ ደግሞም ባዶውን ለወራት መቀመጥ ነው። ከግማሽ ያላነሰ ሞልቶ ፀሐይ ከማይደርስበት ቁም ሣጥን ማስቀመጥ ነው።

ፊሸርን ጠቅሼ ሳልገልጽ ማለፍ አልወድም፤ ድሪል ያለ እርሱ በግድግዳ ላይ ምንም አይሰቅልም። ስሙ የሰው ስም ነው፤ አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ በ1958 ዓ.ም. የፈለሰፈው የናይለን መሰኪያ ነው። ብሎኑ ሲገባ እየሰፋ ግድግዳውን ይይዛል። ባለ 6 ፊሸር በባለ 6 ፑንታ ይቀደዳል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ግን የሚይዘው ያጣል። ለባዶ ብሎኬት ረዘም ያለው፥ ከውስጥ የሚቋጠረው ዓይነት ይሻላል።

በመጨረሻ የገዛነው ባለ 12 ከሚባሉት፥ ካርቦን ያለው፥ ሁለት ባትሪ ያለው፥ በሚዛን ከ1 ኪሎ ትንሽ ያለፈ ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አልጽፈውም፤ ከዕቁቡ ከተለየው ገንዘብ ለፑንታና ለፊሸር ተርፏል። የእኅቴን መደርደሪያ የሰቀለችው እናቴ ናት፤ እኔ ወንበሩን ያዝሁ። ሁለቱን የላይኛውን ቀዳዳ ከፈታ ትንሽ ዐረፈች፤ ከዚያም የታችኞቹን ጨረሰች። ለመጋረጃው 12 ቀዳዳ ጎረቤታችን በትልቁ ድሪላቸው መጥተው ረዱን፤ እርሳቸውም ትንሹን በእጃቸው አገላብጠው አይተው «ለእኔም እንዲህ ያለ ፈልግልኝ» አሉኝ። ከዘመን መቁጠሪያው በስተጀርባ ያለው ቀዳዳ ግን እስካሁን አልተደፈነም። መቁጠሪያው በጳጉሜን ሲወርድ ጄሶ በጥብጬ እንደምደፍነው ለእናቴ ነግሬያታለሁ።